ሰባት ጭረት

ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ቀለህ አለች። ቁመቷ ከሌባ ጣቴ ያጥራል፤ ናሷ ከዕድሜ ብዛት ጠቁሮ የተቆላ ቡና መስሏል። ጎኗ ላይ በሚስማር ጫፍ የተሳቡ ሰባት ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ከአያቴ ውጅግራ የተረፈችኝ እሷ ብቻ ናት። ጠመንጃውን አያቴ ካረፉ በኋላ አጎቴ በጥማድ በሬ ለወጠው፤ ዝናሩን አይጥ በላው፤ ይህች ቀለህ ግን በልጅነቴ ከኪሴ ገብታ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለች።

ልጅ ሳለሁ ስለ ሰባቱ ጭረት ጥርጥር አልነበረኝም። ሰባት ጠላት ማለት ነው! አያቴ በጣልያን ወረራ ዘመን ዱር ቤቴ ብለው የታገሉ አርበኛ ነበሩ። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ያስኬዳል። ውጅግራው ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ በመስቀልና በጥምቀት ይወርዳል፣ በሞራ ይወለወላል፣ ተመልሶ ይሰቀላል። እኔም ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ቀለሂቱን ከኪሴ እያወጣሁ ጭረቶቹን አስቆጥራቸው ነበር። አንድም ልጅ «ማን ጫረው?» ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ራሴን ለመጠየቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ነገሩ የአሮጌ ጠመንጃ ነገር ነው፤ ይልቁንም አሮጌ ጠመንጃን ያድስ የነበረው እጅና የእጁ ባለቤት ነገር።

*

ከስሙ እንጀምር። የሀገራችን ሰው ለጠመንጃ ስም ሲያወጣ ጆሮው የሰማውን በአፉ አለስልሶ ነው። «ውጅግራ» ፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ከሚሉት የመጣ ነው፤ «ፉዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን «ግራ» ደግሞ ጠመንጃውን ያበጀው የፈረንሳይ መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው። «ስናድር»ም እንዲሁ ጄኮብ ስናይደር ከተባለ አሜሪካዊ ስም የተገኘ ነው። ሁለቱን ሰዎች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ሥራቸውን የጀመሩት ከአሮጌ ጠመንጃ ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አጋማሽ እጅግ ብዙ የኤንፊልድ ጠመንጃ ነበራቸው። ኤንፊልድ ከአፉ የሚጎርስ ነው፤ ባሩዱም አረሩም ከፊት ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ጊዜ አልፎበታል፤ ያን ሁሉ መጣል ግን ኪሳራ ነው። ስናይደር ያቀረበው መላ ከቱቦው የኋላ ጫፍ ጥቂት ቆርጦ፣ በማጠፊያ ወደ ጎን የሚከፈት መዝጊያ መግጠም ነበር። በዚህ መላ አሮጌው ጠመንጃ ከኋላው የሚጎርስ ሆነ፤ የአንዱም ወታደር ተኩስ ሦስት እጥፍ ፈጠነ።

ይህ የታደሰ ጠመንጃ በጦር ሜዳ ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ስፍራዎች አንዱ የእኛው ምድር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ ሥር በእሮጌ ሜዳ የናፒየር ጦር የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የገጠመው ስናድር ታጥቆ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው አረፉ። የሚያሳዝነው፣ የእጅ ሥራን ዋጋ ከነገሥታቱ ሁሉ አስቀድመው የተረዱት እሳቸው መሆናቸው ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር፤ ከዚያ የወጣው ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አናት ላይ ተቀምጧል።

የውጅግራም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1866 ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ ታጠቁ። ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ስለ ነበር ይረጥባል፣ ይቀደዳል፤ የመምቻው መርፌም ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ1874 ግራ ይህንኑ ጠመንጃ የናስ ቀለህ እንዲጎርስ አድርጎ አሻሻለው፤ ብዙ ሻስፖዎችም ተቀይረው ውጅግራ ሆኑ። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት፣ ጥቁር ባሩድ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳይ ጭስ የሌለውን ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ጠመንጃ ስትታጠቅ፣ ውጅግራ ከወታደሩ ትከሻ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘንም ወደ ነጋዴ እጅ ወረደ። ከዚያም በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ሐበሻ ደጋ ወጣ።

በዚያ መንገድ ከወጡት ነጋዴዎች አንዱን የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። አርተር ራምቦ ግጥሙን ገና በወጣትነቱ ትቶ፣ በሐረርና በኤደን የቡናና የቆዳ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በመጨረሻ ወደ ጠመንጃ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ከታጁራ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ዕቃው ምን እንደ ሆነ አልደበቀም። ጠመንጃዎቹ ከጦር ሠራዊት ከተጣሉ አርባ ዓመት የሆናቸው ናቸው፤ በልዬዥ ወይም በፈረንሳይ ካሉ የአሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ ከሰባት እስከ ስምንት ፍራንክ ይገዛሉ፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ግን አርባ ፍራንክ ገደማ ይሸጣሉ። በ1879 ዓ.ም. ቅፍለቱን ይዞ ሸዋ ሲደርስ ንጉሡ በዋጋ ተከራክረው አሳነሱት፤ ገጣሚውም ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ተመለሰ።

የታሪክ መጻሕፍት እስከዚህ ድረስ አብረውን ይሄዳሉ። ስንት ጠመንጃ ገባ፣ ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ፣ ይነግሩናል። ዝም የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። አርባ ዓመት ያለፈበት ብረት፣ መለዋወጫ በማይሸጥበት፣ ፋብሪካም በሌለበት ሀገር፣ ሌላ ሃምሳና ስድሳ ዓመት እንዴት ተኮሰ?

*

ወደ ጎጃም እንመለስ። የደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስም ምንቆረር ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከተማውን በታቦቱ ስም እስኪጠሩት ድረስ በዚያ ስም ኖሯል። ንጉሡ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ገጥመው ተሸነፉ፤ ቆስለውም ተማረኩ። በ1888 ዓ.ም. ግን የትናንቱን ቂም ትተው፣ የጎጃምን ጦር አስከትለው ከምኒልክ ጋር ዐድዋ ዘመቱ። በእነዚያ ዓመታት ጠመንጃ የመኳንንት ብቻ መሆኑ እየቀረ፣ ቀስ በቀስ ወደ ባላገሩ ቤት ገባ።

ጥይት ደግሞ ከገበያው ገባ። በየገበያው ሽርፍራፊ ብር ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል፣ የውጅግራ ጥይትም ከጎኑ ቆሞ ያገለግል ነበር። ሰው በጥይት እህል ይገዛል፤ በጥይት መልስ ይቀበላል። የሚተኮስ ገንዘብ ማለት ነው! ስለዚህ አንድ ጥይት መተኮስ ከኪስ ገንዘብ አውጥቶ እንደ መወርወር ነበር። አያቴ ተኩሰው ሲያበቁ መጀመሪያ የሚያዩት ዒላማውን አልነበረም፤ ቀለሂቱ የት እንደ ወደቀች ነበር።

ቀለህ ለምን ትለቀማለች? ከናስ የተሠራች ስለሆነች እንደገና ትሞላለችና። ውጅግራ ጥቁር ባሩድ የሚተኩስ መሆኑ በአውሮፓ አስጥሎታል፤ በእኛ ዘንድ ግን ያኖረው ይኸው ነው። ጥቁር ባሩድ በሀገር ልጅ እጅ ይወቀጣል፤ አረሩ ከእርሳስ ይቀልጣል። እንደ ምንሽር ያለው አዲሱ ጠመንጃ ሩቅ ይመታል፣ ጭሱም አያጋልጥም፤ ነገር ግን ጥይቱ ሲያልቅ ከጠላት ካልተማረከ ወይም ከነጋዴ ካልተገዛ ዱላ ሆኖ ይቀራል። አሮጌው ጠመንጃ ግን እዚያው መንደር የሚመግበው እጅ አለው።

ያ እጅ የባለ እጁ ነው።

*

የባለ እጅን ቤት ያየ ሰው ወናፉን፣ መስፉን፣ ጉጠቱንና ሞረዱን ያስታውሳል። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ የሚወጣው ከዚያ ነው። ያልታሰበው ግን ጠመንጃውም ከዚያ ሄዶ መታከሙ ነው። የተሰበረ ሞላ ተግሎ፣ ተቀጥቅጦና ተነክሮ በአዲስ ይተካል፤ ለመምቻው መርፌ የጃንጥላ ዘንግ በሞረድ ይሞረዳል፤ የተሰነጠቀ ሰደፍ በርጥብ ጠፍር ይጠመጠማል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ እንጨቱን ከብረት ማሰሪያ አብልጦ ያጠብቀዋል። ሰደፉ ጨርሶ ከበሰበሰ ከዋንዛ ተጠርቦ አዲስ ይሠራለታል። ቀለህ የማይተፋ ጠመንጃ ሲመጣለት ጉሮሮውን በአመድና በሰም እየፈተገ ያለሰልሰዋል። የሚሞሉትን ቀለሆች ደግሞ አንድ በአንድ ያያል፤ ያበጠችውን ወደ ልኳ ይመልሳል፤ የተሰነጠቀችውን ለብቻ ያስቀምጣል።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ግን በሀገሬው ዓይን ሰው ለመባል ይከብደው ነበር። ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ» ነው፤ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ ዓይኑ ከልጅ ላይ ካረፈ ልጁ አያድርም ይባላል። ርስት አይካፈልም፤ ከማኅበር አይቀመጥም፤ በጋብቻ አይፈለግም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን የሚገሥጽ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን ቀጠለ። በእኔ ልጅነት፣ ከአዋጁ ስድሳ ዓመት በኋላ፣ የመንደራችንን ባለ እጅ ከአያቴ ጋር እኩያ የሆኑትን ሽማግሌ እኛ ሕፃናቱ «አንተ» እንላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ አያቴን «ጌታው» ይሏቸው ነበር። ዛሬ ሳወሳቸው «እሳቸው» እላለሁ፤ ቢያንስ ይህን ማረም ይቻለኛል።

ሁለቱ ሽማግሌዎች የሚተዋወቁት ከዱር ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገባ፤ በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በአመጽ ተነሣ። እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ እነ ኃይሉ በለው፣ በቢቸና በኩልም አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ በየአቅጣጫው ሸፍተው ጠላትን ከከተማና ከምሽግ እንዳይወጣ አደረጉት። የአርበኛው መሣሪያ ግማሹ ከጠላት የተማረከ፣ ግማሹ ከአያት የተወረሰ አሮጌ ነበር። አያቴ በነበሩበት ወገን ባለ እጁ ወናፋቸውንና መስፋቸውን በአህያ ጭነው አብረው ይዞሩ ነበር።

አያቴ ስለ ጀብዱ ሲያወሩ ማታው ያልቅባቸዋል። ስለ ባለ እጁ ያወሩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ሳሉ በማግሥቱ ጦርነት እንደሚገጥማቸው ተነገረ፤ የአያቴ ውጅግራ ሞላው ተሰብሯል። ባለ እጁ ከዋሻ ውስጥ ገብተው፣ ፍሙ ከሩቅ እንዳይታይ አፉን በጋቢ አስጋርደው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሠርተው ሲነጋ ጠመንጃውን ሰጧቸው። «ያን ሌሊት እሱ ባይኖር እኔም የለሁም፤ እናትህም የለችም፤ አንተም የለህም» አሉኝ አያቴ። ቀጥለውም፣ እንደ ዋዛ፣ «እራቱን ግን ለብቻው በቅጠል ነበር የምንሰጠው» አሉ።

መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከዚያ በኋላ ሹመትም፣ ሜዳልያም፣ መሬትም ተሰጠ፤ ቅሬታም ተነሣ፤ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። አያቴ አንዲት ሜዳልያ ነበረቻቸው። ባለ እጁ ወናፋቸውን ይዘው ወደ መንደራቸው ተመለሱ፤ ማረሻ መቀጥቀጣቸውንም ቀጠሉ።

*

አሁን ወደ ቀለሂቱ ደርሻለሁ።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም እንደገና አመጸ። ከግብሩ በፊት ቅሬታውን ካባባሱት ነገሮች አንዱ የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር የባላገሩ ጠመንጃ ይመዝገብ ማለቱ ነበር። ባላገሩ ምዝገባውን የሰማው በሌላ ጆሮ ነው፤ ዛሬ የተጻፈ ነገ ይነጠቃል ብሎ። ጦር መጣ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። አያቴ በዚያ ዓመት ውጅግራውን ከምሰሶው አውርደው አንድ ሌሊት ይዘውት ወጡ። የት እንዳኖሩት ከአያቴ በቀር ያወቀ አልነበረም።

ነገሩ ሲበርድ፣ በማግሥቱ ዓመት፣ አያቴ እጄን ይዘው ወደ ባለ እጁ ቤት ወሰዱኝ። ጠመንጃው እዚያ ነበር! ዛሬ ሳስበው የአያቴ ብልሃት ያስገርመኛል፤ ያሳፍረኛልም። የቀጥቃጭን ቤት ማንም ደፍሮ ገብቶ አይፈትሽም። የሰዉ ፍርሃት ለውጅግራው ምሽግ ሆነው። አያቴ በዓለም ላይ ካሏቸው ነገሮች ሁሉ የሚሳሱለትን አምነው ለሰጧቸው ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ከገበታቸው ዳቦ ቆርሰው አላጎረሱም።

ባለ እጁ ጠመንጃውን ከጣራው ሥር አወረዱት። ተወልውሎ እንደ መስታወት ያበራል። ሞላው አዲስ ነው፤ የሰደፉ ጠፍር ተለውጧል። የሞሏቸውን ጥይቶች አንድ በአንድ ለአያቴ ቆጥረው አስረከቡ። በመጨረሻ አንዲት ባዶ ቀለህ ከጉልበታቸው ላይ ቀረች። ወደ ብርሃን አንሥተው አዟዟሯት፤ ሚስማር አነሡና ጎኗን ጫር አደረጉ፤ እንደገና አዩዋት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይችስ ደክማለች፤ ከእንግዲህ አታገለግልም» አሉ።

ሚስታቸው የተቆላ ሽምብራ በሰፌድ አቀረቡ። ባለ እጁ አፍሰው ወደ እኔ ዘረጉ። እኔ ግን አያቴ፣ ሴቷ አያቴ ማለቴ ነው፣ ማለዳ ከቤት ስንወጣ «ከዚያ ቤት አንዳች እንዳትቀምስ» ብለውኝ ነበር። እጆቼን ወደ ኋላ ደበቅሁ። ሽምብራው ከእሳቸው እጅ ላይ ቀረ። አያቴ ዓይናቸውን ወደ ጠመንጃው መለሱ፤ ምንም አላሉም።

ባለ እጁ አልተቆጡም። ሽምብራውን ቀስ ብለው ከሰፌዱ መለሱና ያችን የደከመች ቀለህ አንሥተው ሰጡኝ። «ይችስ አትበላም፤ ያዛት» አሉ።

ያዝኋት። ወደ ቤት ስንመለስ ጭረቶቿን ቆጠርሁ፤ ሰባት። ከአያቴ ጀብዱ በቀር በጭንቅላቴ ሌላ ታሪክ ስላልነበረ፣ ሰባት ጠላት አደረግኋቸው። ሚስማሩን ከዓይኔ ሥር ሲስቡት አይቻለሁ፤ ግን ያየሁትን አላየሁትም።

*

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሜሪካን ሀገር ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ዘመዴ ጎረቤቱ የሚወድደውን ጨዋታ ላሳይህ ብሎ አንድ ቅዳሜ ወደ ገጠር ወሰደኝ። ሰዎቹ እንደ ጥንቱ ካውቦይ ለብሰዋል፤ ባርኔጣ፣ ሰደርያ፣ ረጅም ቡትስ። የያዙት መሣሪያ የአያቶቻቸው ዘመን ዓይነት ነው። የብረት ዒላማ እየመቱ በሰዓት ይወዳደራሉ። ጨዋታውን የሚመራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1987 ተመሥርቷል። አባል የሆነ ሁሉ ከማንም ጋር የማይጋራው የጨዋታ ስም ያስመዘግባል፤ በዚያ ስም ብቻ ይጠራል። አባ ኮስትር፣ አባ ታጠቅ እያልን ያደግን ሰዎች ይህ አይገርመንም፤ የፈረስ ስም ነው።

ከመሣሪያዎቹ መካከል ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ አለበት። እንደዚህ ያለውን ጠመንጃ ለውድድር የሚያዘጋጅ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ሰዉም ተራ ይዞ ይጠብቃቸዋል። ሥራቸውን ቆሜ አየሁ። ቀለሁን በራሱ የሚወረውር ባለ ሁለት አፍ በደንቡ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ጠመንጃው ሲታጠፍ ቀለሁ በአንድ ንቅናቄ ተንሸራትቶ እንዲወድቅ ጉሮሮውን ይፈትጉታል፣ ያለሰልሱታል። ጥይቱ ሳይደናቀፍ እንዲገባ የጉሮሮውን ከንፈር በጥቂቱ ይከፍቱታል። መክፈቻው በአውራ ጣት ግፊት እንዲታዘዝ ሞላውን ያላሉታል። አሮጌው ጉሮሮ ለ65 ሚሊሜትር ጥይት የተሠራ፣ የዛሬው ጥይት ደግሞ 70 መሆኑን እየለኩ ያስጠነቅቃሉ፤ ብረቱ ከተጠማዘዘ ሽቦ የተቀጠቀጠውን የጥንት ቱቦ ሲያገኙ በዛሬ ባሩድ እንዳይተኮስ ይከለክላሉ። ያን የተፈተገ ጉሮሮ ሳይ አመድና ሰም ሸተተኝ።

ከጠረጴዛው ጥግ የናስ ቀለሆች ተደርድረዋል። ሽማግሌው አንዷን አንሥተው ወደ ፀሐይ አዟዟሯት፤ በስክሪፕቶ ከመያዣ ሣጥኑ ላይ አንዲት መስመር ጨመሩ። ምን እንደሚቆጥሩ ጠየቅኋቸው። ስንት ጊዜ እንደ ተሞላች ነው አሉኝ። «ናስ ይደክማል» አሉ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰባት ጠላት አልነበረም። ሰባት ጊዜ መሞላት ነበር። ያቺ ቀለህ ሰባት ጊዜ ተተኩሳ፣ ሰባት ጊዜ ከሣር ውስጥ ተለቅማ፣ ሰባት ጊዜ ወደዚያ ቤት ተመልሳለች። በአያቴ ጠመንጃ ላይ ተጽፎ ያገኘሁት ብቸኛ መዝገብ የተኳሹ አልነበረም፤ የጠጋኙ ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የአንዱን ሰው ድካም ለሌላው ሰው ጀግንነት ስቆጥር ኖሬአለሁ።

*

አሜሪካኖቹ አሮጌ ጠመንጃቸውን መጫወቻ ለማድረግ የበቁት የጠመንጃው ዘመን ጦርነት ስላለቀ ነው። በእኛ ሀገር አሮጌው ጠመንጃ ገና አላረፈም። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን አማራ ክልል፣ ጎጃምም ጭምር፣ ዳግመኛ የተኩስ ድምፅ የሚሰማበት ሆኗል። ስለዚህ ስለ ጠመንጃ የምጽፈው በናፍቆት አይደለም። አያቴም ውጅግራውን ይወድዱት ነበር እንጂ ተኩሱን አይናፍቁም ነበር።

የማስበው ስለ እጁ ነው። ያ ባለ እጅ የተሰበረውን ሁሉ ያድሱ ነበር፤ ማረሻውንም ጠመንጃውንም። ለፉከራ የሚነሣው ስም የተኳሹ ነው፤ ቀጥሎ የጠመንጃው፤ ቀጥሎ የፈረሱ። የጠጋኙ ስም ከዚህ ውስጥ የለም። አያቴ በ1976 ዓ.ም. ሲያርፉ ሙሾ ተደረደረ፣ ውጅግራው ከአልጋው ፊት ተያዘ፣ ጥይትም ተተኮሰ። ባለ እጁ ከለቀስተኛው ርቀው፣ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር ቆመው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ። የተተኮሰውን ጥይት የሞሉት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ከአሜሪካ እንደ ተመለስሁ ስማቸውን ማጠያየቅ ጀመርሁ። አጎቴ አያስታውስም። እናቴ «ባለ እጁ» ነበር የሚባል አለችኝ። ከመንደሩ የቀሩ አንድ አዛውንት በስልክ አገኘሁ፤ እሳቸውም ጥቂት አስበው «ስሙንስ እንጃ ልጄ፤ ማን ጠርቶት!» አሉኝ። ክርስትና ተነሥተዋል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቄስ ስማቸውን ያውቅ ነበር። ያም ቄስ ዛሬ የለም።

አንባቢ ሆይ፣ ከቤትህ ምሰሶ ላይ ወይም ከአባትህ ትረካ ውስጥ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ካለ፣ ማን ተኮሰበት ብለህ ጠይቀህ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ አንዲት ጥያቄ ጨምር፤ ማን ጠገነው? ስሙንም ጻፈው። እኔ የምጽፈው ስም የለኝም። ያለችኝ ሰባት ጭረት ያለባት ቀለህ ናት፤ ያልተቀበልሁት አንድ እፍኝ ሽምብራም አለብኝ።